የሚመለሰው ውኃ

ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ብዙ አያወራም፤ ጋቢ ይደርባል እንጂ። ለዚህም ይሆናል ታሪክ ስናወራ የቤት ማሞቅን ነገር የማናነሣው። ስለ ነገሥታቱ ዘመቻ፣ ስለ ግንቦቹ ቁመት፣ ስለ ሊቃውንቱ ጉባኤ ስንት ተባለ! ሰዉ ግን በጥር ሌሊት ቤቱን በምን ያሞቅ ነበር? ሙቀቱስ ከእሳቱ ተነሥቶ በየት በኩል አድርጎ መኝታው ድረስ ይደርስ ነበር? እስቲ ዛሬ ይህን እንጠይቅ። ነገሩ የምድጃ ወሬ ቢመስልም ውስጡ ብዙ አለ። ገንዘብ አለበት፤ ማገዶ አለበት፤ ከሁሉም በላይ አንድ ቤት ውስጥ ማን ይሞቃል፣ ማን ይበርደዋል የሚል ጥያቄ አለበት።

እኔ ያለሁባት ፀዳ (ጠዳ የሚሏትም አሉ) አዘዞን አለፍ ብላ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። ብርዷ ይቻላል። ብርድ ማለት በሌላው አቅጣጫ ነው፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን ወገራን አቋርጣችሁ፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትገቡ። እዚያ አገር ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። የገበሬው ቤት መካከል ምድጃ አለ፤ ዳር ዳሩን መደብ አለ፤ በአንድ በኩል ጋጥ አለ። ከብቱ በትንፋሹ ቤቱን ያሞቃል። ብልሃቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የምድጃ እሳት አንድ ጠባይ አለው፤ መንገድ የለውም። ተቀምጦበት ያለውን ያሞቃል እንጂ ተነሥቶ አይሄድም። ምድጃው ሥር የተቀመጠ ሰው ፊቱን ይለበልበዋል፣ ጀርባውን ይበርደዋል። መደቡ ጫፍ ላይ የተኛው ልጅ ደግሞ የእሳቱን ብርሃን ያያል እንጂ ሙቀቱን አያገኝም። ጭሱስ? «ጭስ መውጫ አያጣም» ብለን ተርተን ተውነው። መውጫ እስኪያገኝ ድረስ የእናቶቻችንን ዓይን እንዳጠፋ ግን አልተረትንም።

እሳትን አንድ ቦታ አንድዶ ሙቀቱን ሌላ ቦታ መውሰድ ሌላ ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ለጎንደር እንግዳ አልነበረም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማቸውን ከቆረቆሩ በኋላ ተተኪዎቻቸው እየጨማመሩ በሠሩት ግቢ ውስጥ አንድ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ። ወሸባ ይሉታል። ፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው እሳቱ ይነድበት የነበረውን ጉድጓድና በጣሪያው ላይ የተተዉትን የእንፋሎት ቀዳዳዎች አይቷል። አስጎብኚዎቹ ጣሊያን ወጥ ቤት አድርጎት እንደነበር ጨምረው ይነግራሉ። ወሸባ የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ቂጥኝና ቁርጥማት የያዘው ሰው ተሸፋፍኖ መድኃኒት ቅጠል እየታጠነ የሚያልብበት ነበር ወሸባ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ቃሉ ትቢያውን አራግፎ ተነሣና ለይቶ ማቆያ ሆነ። እናም የእኛ ሰው እሳቱ እዚያ፣ ሰውየው እዚህ፣ በመካከላቸው ሙቀት የሚሄድበት መንገድ የሚለውን ነገር ካወቀው ቆይቷል። ያወቀው ግን ለሕመምተኛው ነው። ለጤነኛው ጋቢ ይበቃዋል ተባለ መሰል።

ውኃንም በቦይና በቧንቧ መምራት አዲስ አልነበረም። በጥምቀት የምንታደምበት የፋሲል መዋኛ ውኃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውኃ በቧንቧ አውርዶ፣ ሸለቆ አሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ አውጥቶ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አግብቶታል። ውኃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ጉድ አለ። ፍል ውኃውንም ቢሆን ከአዲስ አበባው ፍልውኃ እስከ ደራው ዋንዛዬ ድረስ እግዜር አሙቆ የሰጠንን ስንታጠብበት ኖረናል።

ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ውኃው ሄዶ አይመለስም። ከምንጩ ይመጣል፤ ይጠጣል፣ ይታጠቡበታል፣ ይፈስሳል፤ አለቀ። የእኛ የቧንቧ ታሪክ የሂያጅ ውኃ ታሪክ ነው። ቤት የሚያሞቅ ውኃ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ መልእክተኛ ነው። ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል፣ ለየክፍሉ ያድላል፣ ከዚያም ባዶውን ወደ ላኪው ይመለሳል። አንድ መልእክተኛ መልእክቱን ማድረሱና አለማድረሱ የሚታወቀው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ይዞት የሄደውን ጭነት ሳያራግፍ ከተመለሰ ምኑን ተላከው?

ለዚህ ሥራ ውኃን የመረጡት በምክንያት ነው። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት አንድ ሊትር አየር ከሚሸከመው 3,500 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ክንድ የሚያህል የአየር ቦይ የሚሠራውን ሥራ ጣት የምታህል የውኃ ቧንቧ ትሠራዋለች። መጀመሪያ ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ቦንማ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1777፣ ማለትም እኛ በዘመነ መሳፍንት መባቻ በምንታመስበት ጊዜ፣ ይህ ሰው ፓሪስ አካባቢ ሙቅ ውኃ በቧንቧ እያዞረ የዶሮ እንቁላል ያስፈለፍል ነበር። ዘመናዊው የቤት ማሞቂያ የተጀመረው ለጫጩት ነው ብል አላጋነንኩም።

ቦንማ ፓምፕ አልነበረውም። ፓምፑ ሙቀቱ ራሱ ነበር። የሞቀ ውኃ ይቀልና ሽቅብ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይከብድና ቁልቁል ይመለሳል። ሽሮ ሲንተከተክ ከመሐል ገንፍሎ በዳር ሲገባ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከዶሮ ቤት ወጥቶ አትክልት ቤት፣ ከአትክልት ቤት ወደ ባለጸጎች አዳራሽ ገባ። በ1850ዎቹ ፍራንዝ ሳን ጋሊ የሚባል በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር ሰው ያንን ባለ ጎድን አጥንት ብረት፣ ራዲያተር የምንለውን፣ ሠራ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጀርመኖች ውኃውን የሚገፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቧንቧው ላይ ገጠሙለት። ያኔ ውኃው ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መሄድ ቻለ። ችግርም ያኔ ጀመረ። መንገዱን ተፈጥሮ መምረጧ ቀርቶ ሰው መምረጥ ነበረበትና።

የቧንቧ መንገድ አመራረጥን ለማስረዳት የመሐንዲስ መጽሐፍ ከምገልጥ መስኖ ቦይ ዳር ብወስዳችሁ ይሻላል። በመገጭ ዳር ሽንኩርትና ጎመን የሚያለማ ገበሬ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቦይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ውኃ አለ አይደለም፤ ከራስጌው ያለው ሰው ስንት ይወስዳል ነው።

አንደኛው መንገድ አንድ ቦይ ብቻ አውጥቶ በሁሉም ማሳ ውስጥ ተራ በተራ ማሳለፍ ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን አንድ ቧንቧ ከራዲያተር ወደ ራዲያተር እየተቀጣጠለ ይሄዳል። ርካሽ ነው፤ ቧንቧ ይቆጥባል። ግን የመጀመሪያው ክፍል ትኩሱን ይጠጣል፣ የመጨረሻው ክፍል ለብታ ይደርሰዋል። ቆይቶ የደረሰ እንግዳ ድስቱን ጠርጎ እንደሚበላው ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት ቧንቧ ነው፤ አንዱ ሂያጅ፣ አንዱ ተመላሽ። እያንዳንዱ ክፍል ከሂያጁ ትኩሱን ይቀዳል፣ የተጠቀመበትን ወደ ተመላሹ ይለቃል። ይሄኛው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሁሉም እኩል የሞቀ ውኃ ይቀርብለታል። ዳሩ ግን ውኃ ሰነፍ ነው፣ አጭር መንገድ ይወዳል። ለማሞቂያው የቀረበው ክፍል መሄጃውም መመለሻውም አጭር ነው። ስለዚህ ውኃው እዚያው ይርመሰመስና ሩቁ ክፍል ባዶውን ያድራል። መድኃኒቱ የየራዲያተሩን እግር ማስተካከያ ቁልፍ እያጠበቡ የቅርቡን መከልከል፣ የሩቁን መክፈት ነው። በመስኖ አነጋገር የውኃ አባት መሾም ማለት ነው። የውኃ አባት በሌለበት ቦይ የግርጌው ገበሬ ምን እንደሚደርስበት የአማራ ገበሬ ያውቃል።

ሦስተኛው መንገድ ለእኔ የሚያስደንቀኝ ነው። ቲክልማን በሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ስም ይጠሩታል። ሁለት ቧንቧነቱ እንዳለ ሆኖ ተመላሹን ገልብጠው ይዘረጉታል። ቀድሞ የተቀዳለት ክፍል መልሱ በረጅሙ ይዞራል፤ መጨረሻ የተቀዳለት መልሱ በአጭሩ ይገባል። የሁሉም መንገድ፣ መሄጃና መመለሻው ሲደመር፣ እኩል ይሆናል። ጥቂት ተጨማሪ ቧንቧ ይፈጃል። ተመሳሳይ ክፍሎች ባሉበት ቤት ግን ዳኛ ቆሞ ማካፈል ሳያስፈልግ ፍትሑ ቧንቧው ውስጥ ተሠርቶ ይገባል።

አራተኛው ከአንድ ማከፋፈያ ለየክፍሉ የራሱን መሄጃና መመለሻ መዘርጋት ነው። ወለል ሥር የሚዘረጋው ማሞቂያ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ውኃው 35 ወይም 40 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል፤ ወለሉ ሰፊ ነውና።

እስከዚህ ድረስ ወሬው ስለ ምቾት ነበር። የገንዘቡ ነገር የመጣው ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ዓረቦቹ ነዳጅ ሲያቅቡ አውሮፓ ብርድ ብርድ አለው። በተለይ ሆላንዶች በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አነሡ። በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሰማይ የሚሄደው ምንድን ነው? ጋዝ ሲቃጠል ውኃ ይፈጥራል፤ ከአንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ከአንድ ሊትር ተኩል የማያንስ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እንፋሎት ደግሞ ባዶውን አይሄድም። የድስት ክዳን ስታነሡ እንፋሎቱ እጃችሁን ከፈላ ውኃ ይልቅ ለምን እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ? እጃችሁ ላይ ወደ ውኃነት ሲመለስ የተሸከመውን ሙቀት ሁሉ ስለሚያራግፍባችሁ ነው። ይህ የተሸሸገ ሙቀት ጋዙ ከሚሰጠው ጠቅላላ ሙቀት ከመቶ 10 ያህሉ ነው። እንግዲህ ጭሱን አቀዝቅዞ እንፋሎቱን ውኃ ቢያደርጉት ያ ሙቀት ይተርፋል። ዛሬ «ከፍተኛ ቆጣቢ» የሚባለው ቦይለር ይህ ነው። ሥራውን ሲሠራ ከሥሩ በቀጭን ቱቦ ውኃ ያንጠባጥባል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2005 ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የጋዝ ቦይለር የሚቀይር ሰው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ይህን ዓይነቱን እንዲያስገባ ግዴታ አደረጉት።

ታዲያ ጭሱን የሚያቀዘቅዘው ማነው? ከቤቱ ዞሮ የሚመለሰው ውኃ! ክዳኑ ካልቀዘቀዘ እንፋሎቱ አይንጠባጠብም። ለተፈጥሮ ጋዝ ድንበሩ 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ተመላሹ ውኃ ከዚያ በታች ሆኖ ከመጣ ቦይለሩ ይቆጥባል፤ ከዚያ በላይ ትኩስ ሆኖ ከተመለሰ ያ ሁሉ የተከፈለበት ዕቃ እንደ ድሮው ቦይለር ጭሱን ሽቅብ ይለቃል። ስሙ ቆጣቢ፣ ግብሩ አባካኝ ይሆናል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰብም ነው። የታላቅ እኅቴ ልጅ ለንደን ትኖራለች። ስትወልድ እናቷ አራስ ልትጠይቅና ልታርስ ከፀዳ ተነሥታ ሄደች። እኅቴን የኋላው ክፍል አስተኟት። እንግዲህ ለክብሯ ነው፣ ጸጥ ያለው እሱ ነውና። ሌሊቱን በሁለት ብርድ ልብስ፣ በጋቢና በነጠላ ስትንቀጠቀጥ ታድራለች። ከፊት ያለው ሳሎን ደግሞ መስኮት የሚያስከፍት ሙቀት አለው። ልጅቷ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ቦይለሩን ካስቀየርን ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ቆጣቢ ነው ብለውን ነበር፤ ሂሳቡ እንደ ድሮው ነው፣ እማም በብርድ ልታልቅብኝ ነው» አለችኝ። ቦይለሩን የገጠመው ሰው ተጠርቶ መጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አቅሙ አንሷል፤ ተለቅ ያለ ይግባ፤ እስከዚያው ሙቀቱን ወደ 80 ከፍ አድርጉት» ብሎ ሄደ።

እኅቴ ዕድሜ ልኳን ቦይለር አይታ አታውቅም። ቦይ ግን ታውቃለች። ልጅቷ በስልኩ ምስል ቤቱን እያዞረች ስታሳየኝ እሷ ከጎን ሆና፣ «ውኃውን ምን አደረጋችሁት፣ ያለው ራስጌ ቀርቷል እኮ! የግርጌው ቢደርቅ ምንጩን መቆፈር ምን ይረባል? የራስጌውን ዝጉት» አለች። ሳቅን።

ከሳምንት በኋላ የመጣው ሌላ ባለሙያ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው አሉ፣ ወደ ቦይለሩ ዞር ብሎም አላየም። ጎንበስ ብሎ ተመላሹን ቧንቧ በእጁ ጨበጠ። መያዝ አልቻለም፣ ፈጀው። ቀጥሎ የምታንጠባጥበውን ቱቦ አየ። ደርቃለች። ከዚያ ከክፍል ክፍል እየዞረ የሳሎኑን ራዲያተሮች እግር አጠበበ፣ የኋላውን ከፈተ፤ የቦይለሩን ሙቀት ከ80 ወደ 60 አወረደው። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ጠብቆ እንደገና ዞረ፣ እንደገና አስተካከለ። ከቀትር በፊት ጀምሮ ሲመሽ ጨረሰ። አንድም ዕቃ አልሸጠላቸውም። ማታውኑ ቱቦዋ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረች። እኅቴ ሌሊቱን ጋቢዋን ገልጣ እንዳደረች በማግሥቱ ነገረችኝ። የሚቀጥለው ሂሳብም ቀለል ብሎ መጣ።

ነገሩ ተአምር የለውም። ሳሎን ላይ ውኃው ቶሎ ቶሎ እየገባ ሙቀቱን ሳያራግፍ ይወጣ ነበር። ትኩሱን እንደያዘ ይመለሳል፤ ጭሱ አይቀዘቅዝም፤ የኋላው ክፍልም አይሞቅም። ብርዱና ብክነቱ ሁለት በሽታ አልነበሩም፤ አንድ በሽታ ነበሩ። አንዱን ያመጣው ሌላውንም አመጣ። ሲድንም አብረው ዳኑ።

ትልልቅ ቤቶች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጊል ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ ዘዴ አመጣ። ለቦይለሩ የራሱን ዙር፣ ለቤቱ የራሱን ዙር ሠርቶ ሁለቱን በተቀራረቡ ሁለት መጋጠሚያዎች ያገናኛቸዋል። እያንዳንዱ ዙር የራሱ ፓምፕ አለው፤ አንዱ የሌላውን አይረብሽም። ግሩም ዘዴ ነው፤ ለድሮዎቹ ቦይለሮች በተለይ። እነሱ ቀዝቃዛ መልስ ይጎዳቸው ነበርና። ዘዴው ግን ሳይታሰብበት ለቆጣቢው ቦይለር ሲደረግ እንዲህ ያደርጋል። የቦይለሩ ፓምፕ በደቂቃ 20 ሊትር ይገፋል እንበል፣ ውኃው 70 ዲግሪ ነው። ቤቱ የሚወስደው 10 ሊትር ብቻ ነው፤ ተጠቅሞበት በ50 ይመልሰዋል። የቀረው 10 ሊትርስ? ቤት ሳይገባ በመጋጠሚያው በኩል ዞሮ በ70 ዲግሪው ይመለሳል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ 60 ዲግሪ ይሆናሉ። ቤቱ 50 አድርጎ በደንብ መልሶ ነበር፤ ደጅ ደርሶ የተመለሰው ውኃ አበላሸው። 55 ድንበሩ አልነበር? በቃ፣ ቆጣቢነቱ ቀረ። ስለዚህ የቦይለሩ ፓምፕ ከቤቱ ፓምፕ በላይ እንዳይገፋ ማድረግ፣ ወይም ቤቱ ትንሽ ከሆነ ይህን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ማገናኘት ይሻላል። ብልሃት ሁሉ ለሁሉ ቤት አይሆንም።

«ይህ የለንደን ወሬ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉኝ አትጠፉም። እውነት ነው፣ እኛ አገር ቦይለር ሲባል ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ በርሜል ነው። በየቤቱ የሚዘረጋ የጋዝ መስመርም የለንም። ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በጎንደርና በደባርቅ የእንግዳ ማረፊያው በዝቷል። ፎቅ ይሠራል፣ ሙቅ ውኃ ከአንድ ቦታ ለ20 ክፍል ይዘረጋል። በአንዱ ማረፊያ፣ ስሙን ተዉት፣ ከበርሜሉ ሥር ያለው ክፍል ውኃው ይፈጃል፤ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው እንግዳ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ሳያፈስስ ሙቁን አያገኝም። ባለቤቱ መፍትሔ ብሎ ያሰበው ሁለተኛ በርሜል መግዛት ነው። እኅቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አሁን ታውቃላችሁ።

ነገም አለ። የዓባይ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መብራት በደረሰበት ደጋ ሰው ማገዶውን ትቶ በኤሌክትሪክ መሞቅ ማሰቡ አይቀርም። ከኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ሁሉ ቆጣቢው ከውጭው አየር ሙቀት እየቀዳ ውኃ የሚያሞቀው፣ የሙቀት ፓምፕ የሚሉት ነው። ይህም ዕቃ ሕጉ ያው ነው፤ ውኃው ለብ ብሎ ሲዞር ይቆጥባል፣ እንዲያቃጥል ሲጠየቅ ኤሌክትሪኩን ይበላል። በጋዝ እንሥራ ቢባል ደግሞ የእኛ ከፍታ የራሱ ሕግ አለው። ከ2,100 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ነው ባቄላው አልበስል የሚለው። የጭሱ እንፋሎት ወደ ውኃነት የሚመለስበትም ድንበር አብሮ ዝቅ ይላል፤ በባሕር ዳርቻ አገር 55 የተባለው እዚህ በ5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የውጭውን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ የሚገጥም ሰው ደጋ ላይ ይሸወዳል።

ስለዚህ ቤት የምትሠሩ፣ ማረፊያ የምትከፍቱ፣ ውጭ አገር ያላችሁም ቦይለር የምታስቀይሩ ወገኖቼ፣ የሳኒተሪ ባለሙያው ሲመጣ ስለ ዕቃው ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ከምንጩ በጣም የሚርቀው ክፍል ድርሻውን እንዴት ነው የሚያገኘው? ተመላሹ ውኃ ስንት ዲግሪ ሆኖ ይገባል? ካስገባኸው በኋላስ ማን ዞሮ ያስተካክለዋል? ሦስቱንም ሊመልስላችሁ ካልቻለ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሳይቀበር ሌላ ሰው ጥሩ። ከተቀበረ በኋላ መጸጸት ሲሚንቶ ማስፈንቀል ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የቀረልኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ቦታ ሲደርቅና ሲበርድ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው «ምንጩ አንሷል» የሚል ቃል ነው። በጀት አንሷል፣ ዕርዳታ አንሷል፣ መኪና አንሷል። አንዳንዴ እውነትም አንሶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ያለው ለቅርቡ ፈስሶ፣ ከቅርቡም ተርፎ፣ ሳይሠራ ትኩሱን እንደያዘ ተመልሷል። ለግርጌው የተላከው ደጅ ላይ ዞሮ ገብቷል። ምንጭ ማስፋት ገንዘብ ይጠይቃል። መንገድ ማስተካከል የሚጠይቀው ግን ጎንበስ ብሎ ተመላሹን ቧንቧ የሚጨብጥ ሰው ነው፤ እጁን ቢፈጀውም።